እግር ከመቆረጡ በፊት የደም ሥሩ ይታይ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የእግር ጉዳይ ነው። ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት በዚህ አዳራሽ ደጋግመን ተነጋግረናል። ስለ እግር ግን ወሬው የሚደርሰን አብዛኛውን ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ክራንች ይገዛል፣ ቤቷ ድረስ ሄደን "እግዜር ይማርሽ" እንላለን። መጠያየቁ ወግና ባህላችን ነው፣ አይቅርብን። የዛሬው ጥያቄያችን ርዳታችን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እግሩ ገና ሊድን በሚችልበት ጊዜ እንዲደርስ ነው።

እግር ለእኛ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም። ከመካከላችን እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ አለች፣ ጉልት የምትነግድ አለች፣ በየቤቱ ልብስ የምታጥብ አለች። ሁሉም የቆመች እንጀራ ነው። አንዲት እናት እግሯ ሲቆረጥ የቤቱ ገቢ ይቆማል፣ ሴት ልጇ ከትምህርት ቀርታ አስታማሚ ትሆናለች፣ የማኅበሩ ብድር ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ አንድ እግር ማዳን አንድ ቤት ማዳን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እኛ የጤና ኮሚቴ አባላት ሐኪሞች አይደለንም። ነርስ ከሆኑት አባሎቻችን ጋር ተቀምጠን፣ ሐኪሞችንም ጠይቀን የተረዳነውን ነው የምናካፍላችሁ። የሰማችሁት ነገር የሐኪም ምክርን አይተካም። ወደ ሐኪም ቶሎ ለመሄድና ሄዳችሁም ምን እንደምትጠይቁ ለማወቅ ግን ይረዳል።

ደም እግር ድረስ ሳይደርስ ሲቀር

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርድበትን ቧንቧ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስበትን ደግሞ ደም መልስ እንለዋለን። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል ወይም ትንባሆ ሲታከልበት፣ በደም ቅዳው ግድግዳ ላይ ስብና ካልሲየም ይጋገራል። የቆየ የውሃ ቧንቧ ውስጡ ዝጎ እንደሚጠበው ማለት ነው። መጀመሪያ ውሃው ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ጠብታ ብቻ ይሆናል።

ምልክቱም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዳገት ስትወጣ ባቷን ጨምድዶ ይይዛታል፣ ቆም ስትል ይተዋታል። ብዙዎቻችን ይህን የእርጅና ወይም የብርድ ነገር ነው እንለዋለን። ቀጥሎ ሕመሙ ተኝታም ይመጣል። ሌሊት ጣቶቿንና የእግሯን ጫፍ ያቃጥላታል፣ እግሯን ከአልጋ ወደ ታች ስታንጠለጥለው ቀለል ይላታል። ይህ ምልክት ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ደሙ ወደ ታች የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ሆኗል ማለት ነው። በመጨረሻ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል አልድን ይላል፣ ጣት ይጠቁራል። የሌሊቱ ሕመም ወይም ቁስሉ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየና የደም እጥረት መኖሩ በምርመራ ከተረጋገጠ፣ ሐኪሞች እግሩ ራሱ አደጋ ላይ ነው ይላሉ።

ስኳር ያለባት እናት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባት። ስኳሩ የእግሯን ነርቭ ስለሚያደነዝዘው ሕመሙን ላትሰማው ትችላለች። ቆንጥር ቢወጋት፣ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ቢቀር፣ በሞቀ ውሃ ብትቃጠል አታውቀውም። "አላመመኝም" ማለቷ "ደኅና ነኝ" ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ስኳር ያለባት ሴት እግሯን ከሰል ዳር እንዳታሞቅ፣ በባዶ እግሯ እንዳትሄድ፣ በየማታው የእግሯን መዳፍና የጣቶቿን መሐል በዓይኗ እንድታይ የምንመክረው። ማየት ካልቻለች ልጇ ትይላት።

የአንዲት አባላችን እግር

ስሟን እንዳንጠራ፣ ታሪኳን ግን እንድንናገር የፈቀደችልን አንዲት አባላችን አለች። እንጀራ ጋጋሪ ናት፣ ስኳር ካገኛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። በትንሿ ጣቷ አጠገብ የወጣ ቁስል አልድን ብሏት ሁለት ወር ያህል በየሁለት ቀኑ ቁስሏን ታሳጥብ ነበር። ቁስሉ በደንብ ይታጠባል፣ ፋሻው ይቀየራል፣ መድኃኒት ይሰጣታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን በእግሯ ላይ የደም ትርታ መኖር አለመኖሩን በጣቱ ዳስሶ ያየ ሰው አልነበረም። ጣቷ ሲጠቁር የሄደችበት ሆስፒታል ከጉልበቷ በታች መቆረጥ እንዳለበት ነገራት፣ የፈቃድ ወረቀትም ቀረበላት።

ልጇ ከመፈረሟ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀች። "የደም ሥሯ ታይቷል ወይ?" አለች። አልታየም ነበር። ሪፈር ተጽፎላት ወደ ደም ሥር ቀዶ ሐኪም ሄደች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጭኗ ላይ ያለው ደም ቅዳ ተዘግቷል፣ ከጉልበቷ በታች ያለው ግን ክፍት ነው። ከራሷ እግር በተወሰደ ደም መልስ ተለዋጭ መንገድ ተሠራላት። የጠቆረችው ጣት ተቆረጠች፣ እግሯ ግን ተረፈ። ቁስሉ እስኪዘጋ ወራት ወስዷል። ዛሬ ምጣዷ ፊት ናት።

ሁሉም እንዲህ አይሳካለትም፣ ወደዚያም እንመጣለን። ነገር ግን የዚያች ልጅ ጥያቄ የንግግራችን ዋና ፍሬ ነገር ነው። ቁስል በፋሻ ብቻ አይድንም፣ በደም ነው የሚድነው። ደም የማይደርሰውን እግር ማጠብ ሥሩ የደረቀ ዛፍ ቅጠሉን እንደ ማጠብ ነው።

እንዴት ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምርመራ ውድ አይደለም። ሐኪሙ ወይም ነርሷ በእግር ጀርባ ላይና ከቁርጭምጭሚት አጥንት በስተኋላ ያለውን ትርታ በጣት ይዳስሳሉ። ቀጥሎ የደም ግፊት የሚለካበትን ጨርቅ በክንድና በቁርጭምጭሚት ላይ አስረው፣ ዶፕለር በምትባል በእጅ በምትያዝ መሣሪያ ይለካሉ። ዶፕለር የደሙን ፍሰት ድምፅ ታሰማለች። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ግፊት ይካፈላል። ጤነኛ ሰው ላይ ውጤቱ 1 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል። ለምሳሌ ክንዷ ላይ 140፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ 49 ቢገኝ ውጤቱ 0.35 ነው፣ ከ0.4 በታች ደግሞ በጣም አስጊ ነው።

እዚህ ላይ ስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ልብ ይበሉ። የእነርሱ ደም ቅዳ በካልሲየም ስለሚደድር ቁጥሩ ሐሰተኛ ሆኖ ከፍ ሊል ይችላል። ለእነርሱ የሚታመነው በአውራ ጣት ላይ የሚለካው ግፊት ነው። ከዚህ በኋላ የተዘጋውን ቦታ ለይቶ ለማወቅ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ወይም አንጂዮግራፊ ይታዘዛል። በአንጂዮግራፊ በኤክስሬይ የሚታይ ቀለም ወደ ደም ሥር ይረጫል። ቀለሙ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኩላሊቷ የደከመ እናት ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

እግር የሚድንባቸው መንገዶች

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው እንምጣ። አራት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው መጥረግ ነው። መዘጋቱ በአንድ አጭር ቦታ፣ በተለይም ብሽሽት ላይ ሲሆን፣ ቀዶ ሐኪሙ ደም ቅዳውን ከፍቶ የተጋገረውን ነገር ልጦ ያወጣና መልሶ ይሰፋዋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመረው የፖርቹጋሉ ቀዶ ሐኪም ዡዋዉ ሲድ ዶስ ሳንቶስ ነው።

ሁለተኛው ባይፓስ ነው፣ ማለትም ተለዋጭ መንገድ። አስፋልቱ ሲዘጋ መኪና በጎን እንደሚያልፍ፣ ደሙም ከተዘጋው ቦታ በላይ ተነሥቶ ከታች ወዳለው ክፍት ቧንቧ በአዲስ መስመር ይሻገራል። ከሁሉ የተሻለው መሥመር የሕመምተኛዋ የራሷ ደም መልስ ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት በእግር ውስጠኛ ጎን የሚሄድ ረጅም ደም መልስ አለ። ቢወሰድም ሌሎቹ ሥሮች ሥራውን ይተካሉ። በውስጡ ደም ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ ትንንሽ በሮች ስላሉት ወይ ተገልብጦ ይሰፋል፣ ወይ በሮቹ ይቆረጣሉ። ሰው ሠራሽ ቧንቧም አለ፣ ከጉልበት በታች ሲሆን ግን ከራስ ደም መልስ ይልቅ ቶሎ ይዘጋል። በራስ ደም መልስ የተሠራውን ረጅም ባይፓስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ዣን ኩንሊን የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው፣ በፓሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1948።

ጥልፍ ለምትሠሩት እኅቶቻችን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ይህ ሁሉ ስፌት የተቻለው በጥልፍ ሙያ ነው። በፈረንሳይዋ የሊዮን ከተማ አሌክሲ ካሬል የተባለ ወጣት ሐኪም ሁለት የደም ሥሮችን ሳያፈስሱና ሳይዘጉ እንዴት መስፋት እንደሚቻል ይመራመር ነበር። ቀጭን መርፌና ቀጭን ክር አያያዝ የተማረው ማዳም ሌሩዲዬ ከምትባል የጥልፍ ባለሙያ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመ፣ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስለዚህ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ሲነሣ የአንዲት ጠላፊ ሴት እጅም አለበት።

ሦስተኛው ያለ ትልቅ ቀዶ የሚሠራው ነው። በብሽሽት ላይ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ በሽቦው ላይ ፊኛ ይሄዳል፣ የጠበበው ቦታ ሲደርስ ፊኛው ይነፋና መንገዱን ያሰፋዋል። አንዳንዴም እንዳይመለስ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ አይጠይቅም፣ ሕመምተኛዋም ቶሎ ትነሣለች። ድክመቱ የተከፈተው ቦታ እንደገና ሊጠብ መቻሉ ነው፣ ስለዚህ ሥራው ሊደገም ይችላል።

የዚህ ሕክምና ጅማሬም ከአንዲት ሴት እምቢታ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1964 በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ ጣቶቿ የሞቱባት የ82 ዓመት አሮጊት እግሯ እንዲቆረጥ ተነገራት። አሻፈረኝ አለች። ቻርልስ ዶተር የተባለ የራዲዮሎጂ ሐኪም ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚሄዱ ቱቦዎችን በሽቦ ላይ እያሳለፈ የጠበበውን የጭኗን ደም ቅዳ አሰፋላት። እግሯ ሞቀ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በራሷ እግር ስትሄድ ኖራ በሌላ ሕመም ዐረፈች። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ አንድሬያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ በፊኛ የሚሠራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀመበት። የመጀመሪያዎቹን ፊኛዎች የሠራው በቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

አራተኛው ለድንገተኛ መዘጋት ነው። ይህኛው ወጣቶቻችንንም ይመለከታል። በልጅነቷ በቶንሲል ሳቢያ የልብ ቫልቭ ሕመም ያገኛት ሴት በአገራችን ብዙ ናት። ልቧ ትርታው ሲዛባ በውስጡ ደም ይረጋል፣ የረጋው ቁራጭ ተነቅሎ በደም ቅዳ ተጉዞ እግር ላይ ይወተፋል። ያኔ እግሩ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል፣ በኃይል ያማል፣ ይደነዝዛል፣ ከዚያም ጣት ማንቀሳቀስ ያቅታል። ይህ ነገ የሚባል አይደለም። 6 ሰዓት ያህል ካለፈ ሥጋው መሞት ይጀምራል። ሕክምናው ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለበትን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ነው። ዘዴውን የፈጠረው ቶማስ ፎጋርቲ የመጀመሪያዋን ፊኛ የሠራት ከሐኪም ጓንት ጣት ነበር።

የትኛው ይሻላል?

እዚህ ላይ ሐኪሞችም ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ቤስት ሲኤልአይ የተባለው ጥናት 1,830 ሕሙማንን ይዟል። ጥሩ ደም መልስ ካላቸው መካከል በባይፓስ የጀመሩት ከ100 ሰው 43 ያህሉ፣ በፊኛ የጀመሩት ደግሞ 57 ያህሉ ከባድ የእግር ችግር ወይም ሞት ገጥሟቸዋል። ጥሩ ደም መልስ በሌላቸው ላይ ግን በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። በዓመቱ፣ በ2023፣ በአብዛኛው በብሪታንያ የተካሄደውና ባዚል ሁለት የተባለው ጥናት ከጉልበት በታች መዘጋት ያለባቸውን 345 ሕሙማን አነጻጸረ። በዚህኛው መቆረጥ ወይም ሞት የገጠማቸው በባይፓስ ከጀመሩት ከ100 ሰው 63፣ በፊኛ ከጀመሩት 53 ሆኑ።

ሁለቱ ጥናቶች የተጣሉ ይመስላሉ። ለእኛ የሚሰጡት ትምህርት ግን አንድ ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ መንገድ የለም። ጠንካራ ልብና ጥሩ ደም መልስ ላላት እናት ባይፓስ ይመረጥ ይሆናል፣ ልቧና ኩላሊቷ ለደከመ ፊኛው ይቀል ይሆናል። አንዳንዴም ብሽሽቱን በቀዶ ጠርጎ የታችኛውን በፊኛ መክፈት፣ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ይህን መለየት የሚችለው የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነው፣ ለመለየትም አስቀድሞ ማየት ያስፈልገዋል።

ከታች የሚገናኝበት ክፍት ደም ቅዳ ጨርሶ ለሌለውስ? በቅርብ ዓመታት ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር አገናኝቶ ደሙ በደም መልሱ በኩል ወደ እግር እንዲወርድ የማድረግ ዘዴ እየተሠራበት ነው። በ2023 በታተመ ጥናት፣ ሌላ አማራጭ ካልነበራቸው 105 ሕሙማን ውስጥ ከ100 ሰው 66 ያህሉ ከ6 ወር በኋላ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ሳይቆረጥ በሕይወት ነበሩ። ይህ ገና አዲስና ውድ ሕክምና ነው። የጠቀስነው "ምንም አይደረግም" የሚባለው ወሰን እየሰፋ መሄዱን እንድታውቁ ነው።

መቆረጥ ግድ ሲሆን

እህቶቻችን፣ የሐኪምን ምክር እንድትንቁ አይደለም ይህን የምንናገረው። እግሩ መግል ይዞ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሲሰራጭ፣ ሥጋው በሰፊው ሲሞት፣ መቁረጥ ነፍስ ያድናል። መግል ያለበት እግር የደም ሥር ሥራ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ በዚያው ቀን መከፈትና መጽዳት አለበት። ሕመሟ ጸንቶ ቀድሞውንም ከአልጋ ለማትነሣ እናትም ትልቅ ቀዶ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል።

ከአባሎቻችን አንዷ፣ የልብ ቫልቭ ሕመም የነበረባት ወጣት፣ እግሯ በድንገት ሲቀዘቅዝ ገንዘብ እስኪገኝ፣ መኪና እስኪመጣ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እስክትላክ ከአንድ ቀን በላይ አለፈ። እግሯ አልተረፈም። ሐኪሞቹ ጉልበቷን ግን አትርፈውላታል። ይህም ትልቅ ነገር ነው። ጉልበት የቀረላት ሴት በሰው ሠራሽ እግር መራመድ በጣም ይቀላታል። ዛሬ በሰው ሠራሽ እግሯ ቆማ የማኅበራችንን ሒሳብ ትይዛለች። የተቆረጠች እኅት ያለቀላት አይደለችም፣ ይህንንም አብረን እንናገር።

ስለ ጠበልና ስለ ዱዓም የጠየቃችሁን አላችሁ። እምነት ከሕክምና ጋር አይጣላም፣ ጎን ለጎን ይሄዳል። የምንለምነው ቁስሉ እየጠቆረ ቀን እንዳይቆጠር ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶችና እናቶች ለዚህ ነው።

ከመፈረማችን በፊት የምንጠይቀው

የእግር ውሳኔ ብዙ ጊዜ በባልና በወንድም፣ ከበር ውጭ ነው የሚመከረው። እግሩ የእርሷ ነው፣ ትስማ፣ ትጠይቅ። ብቻዋን ከሆነች ከማኅበሩ አንዷ አብራት ትግባ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፣ በትሕትና ይጠየቁ፦

1. የእግሬ የደም ዝውውር ተለክቷል ወይ? ስንት ወጣ?
2. የተዘጋው የት ነው? ከጉልበት በላይ ነው በታች?
3. ሊከፈት ይችላል ወይ? በፊኛ ነው በባይፓስ? ለእኔ ያኛው የተመረጠው ለምንድን ነው?
4. ለባይፓስ የሚሆን የራሴ ደም መልስ አለኝ ወይ?
5. የሚቆረጥ ከሆነ ከየት ላይ? ጉልበቴ ሊተርፍ ይችላል?
6. ሌላ የደም ሥር ሐኪም እንዲያየኝ ጊዜ አለኝ ወይ? ስንት ቀን?

ስድስተኛዋን አትርሷት። ጊዜ የለም ከተባለ እመኑና ፈርሙ፣ ነፍስ ይቀድማል። ጊዜ አለ ከተባለ ግን ያችን ጊዜ እንጠቀምባት።

እግሩ ከዳነ በኋላም ሥራው አላለቀም። ደሙ እንዳይረጋ አስፕሪን ወይም ሌላ ሐኪሙ ያዘዘው፣ ለኮሌስትሮል ስታቲን፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ባይፓሱ በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታያል። መጥበብ ሲጀምር ከተደረሰበት ይጠገናል፣ ከተዘጋ በኋላ ግን ከባድ ነው። በቤት ውስጥ ትንባሆ የሚያጨስ ካለ ውጭ ያጭስ፣ ቢተወውም ይመረጣል። ሁለተኛውን እግርም ጠብቁት፣ በሽታው አንዱን ለይቶ አያጠቃም።

ከማኅበራችን የምንጠይቀው

የደም ሥር ቀዶ ሕክምና በአገራችን የሚሰጠው በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በአብዛኛውም በአዲስ አበባ ነው። ከጤና ጣቢያ እስከዚያ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ወረፋም አለው። ያንን መንገድ ማሳጠር በእኛ አቅም ባይሆንም በእኛ ምክንያት የሚጠፋውን ቀን ማስቀረት ግን እንችላለን። ስለዚህ ኮሚቴው አራት ነገሮች ለውሳኔ አቅርቧል።

አንደኛ፣ በየስብሰባው ቁጠባ ከመሰብሰቡ በፊት ስኳር ያለባቸው አባላት ጫማቸውን አውልቀው እግራቸው ይታይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያፍር ካለ ጓዳ ገብቶ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ላይ ለእግር ድንገተኛ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። አሁን ባለው ደንባችን የሕክምና ርዳታ የሚፈቀደው በየ15 ቀኑ በሚደረገው ስብሰባ ነው። ለጠቆረ ጣት 15 ቀን ብዙ ነው፣ በድንገት ለቀዘቀዘ እግር ደግሞ ግማሽ ቀንም ብዙ ነው። ገንዘብ ያዧና ሁለት የኮሚቴ አባላት ተስማምተው በዚያው ሰዓት ለታክሲና ለመጀመሪያ ምርመራ እንዲያወጡ፣ በቀጣዩ ስብሰባም ደረሰኝ እንዲያቀርቡ ደንቡ ይሻሻል።

ሦስተኛ፣ በየሰፈሩ ሁለት አጃቢዎች ይመረጡ። ሥራቸው አብሮ መሄድ፣ ስድስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ፣ የሪፈር ወረቀትና የምርመራ ውጤት እንዳይጠፋ በአንድ ፋይል መያዝ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆናችሁ መታወቂያችሁን አድሱ፣ በሪፈር ቅደም ተከተል ካልተሄደ ሽፋኑ ሊቀር ይችላል።

አራተኛው ለለጋሾቻችን ነው። እስከ ዛሬ ላደረጋችሁልን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ስትልኩልን ለሚያስፈልጋቸው ሰጥተናል፣ ወደፊትም ያስፈልጋል። አሁን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን እንድታግዙን እንጠይቃለን። በእጅ የምትያዝ አንዲት ዶፕለር ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ብትገዛ፣ ነርሶቹም አጠቃቀሟን ቢሠለጥኑ፣ ብዙ እግር ሳይጠቁር ይታወቃል። የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ክፍያ የሚያቅታቸውን፣ ከቀዶ በኋላም መድኃኒት መግዛት የሚቸግራቸውን መደገፍም እንዲሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዲት እናት ብቻዋን የሪፈር ወረቀት ይዛ ከበር በር ስትዞር ሸክሙ ይጥላታል። እኛ ስንከፋፈለው የታክሲ ሒሳብ፣ የአንድ ቀን አጀብና አንድ ጥያቄ ይሆናል።

የደንብ ማሻሻያው ወረቀት በእጃችሁ አለ። ተወያዩበት፣ የሚጨመርም የሚቀነስም ካለ ተናገሩ፣ ከዚያም እጃችሁን አውጡ። ከስብሰባው በኋላ ነርስ እኅቶቻችን የእግር ትርታ ዳስሰው ሊያሳዩአችሁ በጓዳው ተዘጋጅተዋል፣ ሳታዩ አትሂዱ።